የእጅ ሰርኩላር መጋዝን ልክ 90 ዲግሪ ማስቆረጥ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መነሻ

የምሠራው ቁመቱ 1800፣ ወርዱ 800፣ ጥልቀቱ 300 ሚሊ ሜትር የሆነ የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ዕቃው 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔንሳቶ ሲሆን መቁረጫው 184 ሚሊ ሜትር ዲስክ የሚይዝ የእጅ ሰርኩላር መጋዝ ብቻ ነው። የጠረጴዛ መጋዝ ስለሌለ 1220 በ2440 ሚሊ ሜትር የሆነው ሙሉ ሰሌዳ ባለበት ይተኛል፤ የሚሄደው መጋዙ ነው።

በትርፍ ሰሌዳ ላይ በእርሳስ መስመር ሰምሬ መጋዙን በዓይን እየመራሁ የቆረጥሁት የመጀመሪያ ሙከራ ሁለት የተለያዩ ጉድለቶች አሳየኝ። አንደኛው ከላይ ሲታይ የሚገኝ ነው፤ የተቆረጠው መስመር ከሰሌዳው ጠርዝ ጋር 90 ዲግሪ አይሠራም። ሁለተኛው ከጎን ሲታይ የሚገኝ ሲሆን የተቆረጠው ገጽ ራሱ ወደ አንድ ወገን ዘመም ብሏል። ሁለቱም «ማዕዘኑ ልክ አይደለም» ይባላሉ፤ ምንጫቸው ግን ይለያያል። የመጀመሪያው የሚመጣው መጋዙ ከሚሄድበት መሪ አቀማመጥ ሲሆን ሁለተኛው ዲስኩ ከመጋዙ መቀመጫ፣ ማለትም እንጨቱ ላይ ከሚያርፈው ብረት ጋር ካለው ማዕዘን ነው። ጉዳታቸውም እኩል አይደለም። 1 ዲግሪ በ18 ሚሊ ሜትር ውፍረት ላይ 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን፣ በ300 ሚሊ ሜትር የመደርደሪያ ጥልቀት ላይ ግን ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ይሆናል።

ስለዚህ እያንዳንዱን የልኬት መነሻ ለየብቻ ለመፈተሽ ወሰንሁ። የተጠቀምሁበት ዘዴ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አንድ ነው፤ ለክቶ፣ ገልብጦ፣ እንደገና መለካት። የተገለበጠ ነገር ስሕተቱን እጥፍ አድርጎ ስለሚያሳይ ዓይን የሚያልፈው ግማሽ ሚሊ ሜትር አንድ ሚሊ ሜትር ሆኖ ይወጣል። ለዚህም ውድ መለኪያ አያስፈልግም።

ደረጃ 1፦ ስኳድራው

ሌላውን ሁሉ የምፈትሸው በስኳድራ፣ ማለትም በ90 ዲግሪ ማዕዘን መለኪያ ስለሆነ በእርሱ ጀመርሁ። ፋብሪካው የቆረጠው የሰሌዳ ጠርዝ አብዛኛውን ጊዜ ቀጥ ያለ ስለሆነ ስኳድራውን በዚያ ላይ አስደግፌ በስለታም ቢላዋ 300 ሚሊ ሜትር መስመር ጫርሁ። ከዚያ ስኳድራውን በሆዱ ገልብጬ ከዚያው ነጥብ ተነሥቼ ሁለተኛ መስመር ጫርሁ። መስመሮቹ በሩቁ ጫፍ 1 ሚሊ ሜትር ተራራቁ፤ ይህም ስኳድራው በ300 ሚሊ ሜትር ላይ 0.5 ሚሊ ሜትር ይስታል ማለት ነው። እርሳስ ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ የእርሳሱ መስመር ውፍረት ራሱ የምንፈልገውን ልዩነት ይሸፍነዋል።

ትልቁ የብረት ስኳድራ በውስጠኛው ጥግ አጠገብ በመዶሻና በሹል የብረት መምቻ ሲመታ ማዕዘኑ ይከፈታል፣ በውጪኛው ጥግ አጠገብ ሲመታ ይዘጋል። የእኔ ግን ትንሽና እጀታው በእንጨት የተሠራ ስለሆነ አልመታሁትም፤ ለሻካራ ሥራ አስቀምጬ ተመሳሳዩን ፈተና ያለፈ ሌላ ስኳድራ ወሰድሁ።

ደረጃ 2፦ መጋዙ ራሱ

እዚህ ላይ ብዙ ቆየሁ፤ የመቁረጡ ጥራት የሚወሰነው በአብዛኛው እዚህ ይመስለኛል። ማንኛውም ማስተካከያ ከመጀመሩ በፊት መጋዙ ከሶኬት ይነቀላል፣ ባትሪ ያለው ከሆነም ባትሪው ይወጣል።

መጀመሪያ ዘመምነቱን ፈተሽሁ። መጋዙን ገልብጬ ዲስኩን እስከ መጨረሻው ጥልቀት አወጣሁና የታችኛውን መከላከያ በእጅ ወደ ኋላ ይዤ ስኳድራውን መቀመጫው ላይ አቆምሁ። ስኳድራው መንካት ያለበት የዲስኩን አካል ነው። ጥርሶቹ ጫፋቸው ከዲስኩ አካል ሰፋ ያለ ስለሆነ ስኳድራው ጥርስ ላይ ካረፈ የሚሰጠው ንባብ ሐሰት ይሆናል፤ በሁለት ጥርሶች መካከል ማስገባት ያስፈልጋል። ከዚያ ከኋላው መብራት ሳበራ በላይኛው ጫፍ በኩል ቀጭን የብርሃን ክር ታየ። በመጋዙ ላይ የተጻፈው የዲግሪ ምልክት ግን ልክ ዜሮ ላይ ነበር። ምልክቱ ለግምት ብቻ እንጂ ለዚህ ዓይነት ሥራ የሚታመን አይደለም። የ90 ዲግሪ ማቆሚያ የሆነችውን ትንሽ ብሎን በጥቂት በጥቂቱ እያዞርሁ ብርሃኑ ከላይ እስከ ታች እስኪጠፋ አስተካከልሁ።

ማረጋገጫው ግን የተቆረጠው እንጨት ነው። ወፍራም ሞራሌ በመሃሉ ቆረጥሁና ሁለቱን ቁራጮች ጠፍጣፋ ጠረጴዛ ላይ አስተኝቼ አንዱን በርዝመቱ ዙሪያ ግማሽ ዙር አዞርሁት፤ ከታች የነበረው ገጽ ከላይ ሆነ። ከዚያ የተቆረጡትን ጫፎች አገጣጠምሁ። ዲስኩ ዘመም ካለ በመካከላቸው የእጥፍ ስሕተት ክፍተት ይከፈታል። እኔ ጋ በላይ በኩል ቀጭን ክፍተት ስለቀረ ብሎኗን ጥቂት ጨምሬ አዞርሁ፤ በሚቀጥለው ሙከራ ጫፎቹ ሙሉ በሙሉ ተገጠሙ።

ወዲያው ሌላ ነገር ታየ። ጥልቀቱን ለ18 ሚሊ ሜትር ሰሌዳ ወደሚሆነው ልክ ቀንሼ ብፈትሽ ብርሃኑ እንደገና ብቅ አለ። የመቀመጫው ብረት ቀጭን ላሜራ ስለሆነ የጥልቀቱ ማጥበቂያ ሲጠብቅ ጥቂት ይጠማዘዛል። ስለዚህ ፈተናው ሁልጊዜ ሥራው በሚሠራበት ጥልቀት መደገም አለበት፤ በሙሉ ጥልቀት የተገኘው ንባብ መነሻ ብቻ ነው።

ቀጥሎ ዲስኩ ከመቀመጫው ጠርዝ ጋር ትይዩ መሆኑን ፈተሽሁ። አንድ ጥርስ በቀለም ምልክት አድርጌ ከፊት በኩል ከመቀመጫው ጠርዝ ያለውን ርቀት በካሊፐር (በጥቃቅን ርቀት መለኪያ) ለካሁ። ከዚያ ዲስኩን በእጅ አዙሬ ያንኑ ጥርስ ወደ ኋላ አምጥቼ እንደገና ለካሁ። ያው አንድ ጥርስ መሆኑ ወሳኝ ነው፤ ሁለት የተለያዩ ጥርሶች ቢለኩ በዲስኩ ላይ ያለ ትንሽ ጥምዘዛ ከመጋዙ ስሕተት ጋር ይደባለቃል። 150 ሚሊ ሜትር በሚሆን ርቀት ላይ 0.7 ሚሊ ሜትር ልዩነት ተገኘ።

ይህ ስሕተት ምን እንደሚያደርግ በደንብ መለየት ይገባል። መጋዙ ቀጥ ባለ መሪ ላይ ተደግፎ እስከሄደ ድረስ የሚቆረጠው መስመር ከመሪው ጋር ትይዩ ሆኖ ይቀጥላል፤ የዲስኩ መጣመም ማዕዘኑን አይለውጥም። የሚለውጠው የገጹን ጥራት ነው። የዲስኩ የኋላ ጥርሶች አንዱን ግድግዳ እየፋቁ ስለሚያልፉ መንገዱ ይሰፋል፣ ገጹ ይሻክራል ወይም በሙቀት ይጠቁራል፣ መጋዙም ከመሪው ሊሸሽ ወይም ሊጣበቅ ይፈልጋል። ከመሪው በሸሸበት ቅጽበት ግን መስመሩም ይበላሻል። በእኔ መጋዝ ላይ መቀመጫውን ከሞተሩ ጋር የሚያያይዙት የኋላ ብሎኖች ትንሽ መንሸራተቻ ስላላቸው አላልቼ፣ በአንደኛው ሥር ቀጭን የቆርቆሮ ቁራጭ አስገብቼ አጠበቅሁ። ልዩነቱ ወደ 0.1 ሚሊ ሜትር ወረደ፤ በዚህ ረክቼ አለፍሁ።

ደረጃ 3፦ ዲስኩ

ከመጋዙ ጋር የመጣው ባለ 24 ጥርስ ዲስክ ጣውላን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ጥሩ ነው፤ የኮምፔንሳቶን የላይ ቆዳ ግን ይሰነጥረዋል። በባለ 40 ጥርስ ለወጥሁት። ከገዛኋቸው ነገሮች ሁሉ ለውጡ ወዲያው የታየው በዚህ ነው።

ዲስኩን ከማሰሬ በፊት የሚቀመጥበትን ቦታና ሮንዴላዎቹን በጨርቅ አጸዳሁ፤ በዚያ መካከል የተቀመጠ የመጋዝ ብናኝ ዲስኩን ያወዛውዘዋል። ካሰርሁት በኋላ የእርሳስ ጫፍ ከዲስኩ አካል አጠገብ ቋሚ አድርጌ በእጄ አዞርሁት፤ በጫፉና በዲስኩ መካከል ያለው ክፍተት ዙሩን ሙሉ እኩል ሆነ። አሮጌው ዲስክ ጥርሶቹ ላይ ሙጫ ጋግሮ ነበር፤ በሳሙና ውኃና በለስላሳ ብሩሽ ታጥቦ ደርቆ ለጣውላ ሥራ ተቀምጧል።

ደረጃ 4፦ ረጅሙ ቁርጥ

እቅዱ መጀመሪያ ሰሌዳውን በርዝመቱ 300 ሚሊ ሜትር ስፋት ወዳላቸው አራት ዝርጎች መሰንጠቅ ነው። ሁለቱ ዝርጎች ቋሚ ጎኖች ይሆናሉ፤ የቀሩት ሁለቱ እያንዳንዳቸው ሦስት አግዳሚ መደርደሪያ ይወጣቸዋል። ዲስኩ የሚበላው መንገድ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ ስለሆነ ሁሉም ከአንድ ሰሌዳ ይበቃል።

ለመሪነት 3 ሜትር ርዝመት ያለው አራት ማዕዘን የአሉሚኒየም ፕሮፋይል ወሰድሁ። ቀጥ ማለቱንም በመገልበጥ ፈተሽሁት። ጠርዙን ተከትዬ በቢላዋ መስመር ጫርሁ፣ ፕሮፋይሉን ወደ መስመሩ ሌላኛው ወገን አሻግሬ ያንኑ ጠርዝ መስመሩ ላይ አስጠጋሁ። ጠርዙ ጎባጣ ቢሆን መሃሉ ላይ የጉብጠቱ እጥፍ ክፍተት ይታይ ነበር፤ አልታየም።

መሪው የሚቀመጠው ከመቁረጫው መስመር ላይ ሳይሆን ከመቀመጫው ጠርዝ እስከ ዲስኩ ያለው ርቀት ያህል ፈቀቅ ብሎ ነው። ያንን ርቀት በሜትር ለክቶ መደመር ለስሕተት በር ስለሚከፍት መለኪያ ዘንግ ሠራሁ። አንድ የ6 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ (ከተጨመቀ የእንጨት ቃጫ የተሠራ ሰሌዳ) ቁራጭ ቀጥ ያለ ጠርዙን ከፕሮፋይሉ ጋር አስጠጋሁና መጋዙን ፕሮፋይሉን አስደግፌ በላዩ ነዳሁ። በፕሮፋይሉና በዲስኩ መንገድ መካከል የቀረው ዝርግ ትክክለኛው ርቀት ነው፤ ቁጥሩን ማወቅ እንኳ አያስፈልግም። ዘንጉ ላይ የዲስኩን ዓይነት ጻፍሁበት፤ ዲስክ ሲለወጥ ርቀቱም ሊለወጥ ይችላልና።

የመጀመሪያው ረጅም ሙከራ በትርፍ ሰሌዳ ላይ ሲሆን ዝርጉ በሁለቱ ጫፎች 300፣ በመሃሉ ግን 301 ሚሊ ሜትር ሆኖ ወጣ። ሞርሳዎች (ጠምዝዘው የሚያጠብቁ መያዣዎች) የሚይዙት የመሪውን ሁለት ጫፎች ብቻ ስለሆነ መጋዙ በጎን ሲገፋው መሃሉ ይለጠጣል። መፍትሔው ሁለት ነበር፤ ፕሮፋይሉን በጠባቡ ከማቆም ይልቅ በሰፊው ጎኑ ማስተኛት፣ መሃሉንም ከሥሩ በሁለት ወገን ተለጣፊ ፕላስተር መያዝ። ሰፊው ጎን በአግድም ሲሆን ለጎን ግፊት ያለው ጥንካሬ በጣም ይጨምራል፤ ከፍታውም ስለሚቀንስ የመጋዙ ሞተር አይነካውም።

ሰሌዳውን ያስተኛሁት መሬት ላይ በተዘረጋ ወፍራም የፎም ሰሌዳ ላይ ነው። ዲስኩ ከሰሌዳው ሥር 5 ሚሊ ሜትር ያህል እንዲወጣ ስላደረግሁ ፎሙን ይጭረዋል እንጂ አይቆርጠውም። ዋናው ጥቅሙ ሁለቱም ክፍሎች እስከ መጨረሻው በእኩል መደገፋቸው ነው። ሰሌዳ በሁለት ወንበር መካከል ተንጠልጥሎ ሲቆረጥ በክብደቱ ይረግብና የተከፈተው መንገድ በዲስኩ ላይ ይዘጋል፤ ያኔ መጋዙ በኃይል ወደ ኋላ ይሰፈነጠራል። ስለዚህ ከተደገፈም በኋላ መንገዱ ውስጥ ከመጋዙ ኋላ ቀጭን ሽብልቅ አስገባለሁ፣ ከመቁረጫው መስመር ቀጥታ ኋላም አልቆምም። መነጽርና የጆሮ መከላከያ ሳላደርግ ቁልፉን አልነካም።

ዲስኩ ከፊት በኩል ከታች ወደ ላይ ስለሚዞር ስንጥር የሚነሣው በላይኛው ገጽ ነው። በመሆኑም የሚታየውን የኮምፔንሳቶ ገጽ ወደ ታች አደረግሁ።

አንድ ትንሽ ነገር ደግሞ ከዚህ ደረጃ ይመዝገብ። በአንደኛው ዝርግ ላይ ከጫፉ አጠገብ 0.5 ሚሊ ሜትር የሚሆን እርከን ተገኘ። ሳጣራ የመጋዙ ገመድ በፕሮፋይሉ ጫፍ ተይዞ መጋዙን በጎን ስቦት ኖሯል። ከዚያ ወዲህ ገመዱን በትከሻዬ ላይ አሳልፌ ከመጀመሬ በፊት መጋዙን ሳላስነሣ ሙሉውን መንገድ አንድ ጊዜ አስኬደዋለሁ።

ደረጃ 5፦ ለአጭሩ ቁርጥ ባለ አግዳሚ ሀዲድ

300 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለውን ዝርግ በወርዱ ለመቁረጥ ረጅም መሪ አያስፈልግም። ከ6 ሚሊ ሜትር ኤምዲኤፍ 900 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው መሠረት ቆርጬ፣ በላዩ የኮምፔንሳቶ የፋብሪካ ጠርዝ ያለው ጠባብ መሪ በኮላና በብሎን አያያዝሁ። ርዝመቱ የበዛው መጋዙ ዲስኩ እንጨቱን ከመንካቱ በፊትም፣ ጨርሶ ከወጣ በኋላም ሙሉ መቀመጫው ሀዲዱ ላይ እንዲያርፍ ነው። ኮላው ሲደርቅ መጋዙን መሪው ላይ አስደግፌ የመሠረቱን ትርፍ ቆረጥሁ። ከዚህ በኋላ የመሠረቱ ጠርዝ ዲስኩ የሚያልፍበት መስመር ራሱ ሆነ፤ ጠርዙን ምልክቱ ላይ ማሳረፍ ብቻ ይበቃል። ጠርዙ የእንጨቱን ቃጫ ከላይ ስለሚጫን በዚያ ወገን ስንጥር ጨርሶ አይነሣም ማለት ይቻላል። ትርፉ ወገን ግን ይሰነጥራል፤ ሁለቱም ወገን በሚያስፈልግበት ቦታ የወረቀት ፕላስተር ለጥፌ መስመሩን በቢላዋ ጫርሁ።

ከሀዲዱ ሥር 400 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው አግዳሚ አሰርሁ፤ ይህ አግዳሚ በዝርጉ ጠርዝ ላይ ሲገጥም ሀዲዱ በ90 ዲግሪ ይቀመጣል። በአንድ ብሎን ማዞሪያ አድርጌ፣ ከዚያ በ240 ሚሊ ሜትር ርቀት ላይ ሁለተኛ ብሎን በሰፋ ቀዳዳ አስገባሁ። በስኳድራ አስተካክዬ ሳጠብቀው ልክ መስሎ ታየኝ፤ ስኳድራ ግን እዚህ ላይ አቅሙ ያልቃል።

ስለዚህ አምስት ጊዜ የመቁረጥን ፈተና ተጠቀምሁ። ጎኑ 480 ሚሊ ሜትር የሚያህል ትርፍ ሰሌዳ ወስጄ አንዱን ጎን ቆረጥሁ፤ አሁን የተቆረጠውን ጎን ከአግዳሚው ጋር አገጣጥሜ ቀጣዩን ቆረጥሁ፤ እንዲህ እያዞርሁ አራቱን ጎኖች ጨረስሁ። በአምስተኛው ከመጀመሪያው ጎን ላይ 20 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ዝርግ አወጣሁ። በእያንዳንዱ መዞር ስሕተቱ ስለሚደመር ዝርጉ የሚያሳየው የስሕተቱን አራት እጥፍ ነው። በአንዱ ጫፍ 20.9፣ በሌላው 19.3 ሚሊ ሜትር ለካሁ። ልዩነቱ 1.6 ለአራት ሲካፈል 0.4 ይሆናል፤ በ480 ሚሊ ሜትር ላይ 0.4 ሚሊ ሜትር ማለት ነው። ሁለተኛው ብሎን ከማዞሪያው 240 ሚሊ ሜትር ላይ ስለሆነ የሚያስፈልገው ማስተካከያ የዚህ ግማሽ፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ነው። ተራ የ80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነውና ሁለት ወረቀት መለኪያ ሆነልኝ። ከአግዳሚው ጀርባ ማቆሚያ ቁራጭ አስጠግቼ አሰርሁ፣ በመካከላቸው የነበሩትን ሁለት ወረቀቶች አወጣሁ፣ አግዳሚውን እስከ ማቆሚያው ገፍቼ አጠበቅሁት።

ሁለተኛው ፈተና 3 ሚሊ ሜትር የሚጠጋ ልዩነት ሰጠ። ልዩነቱ እጥፍ መሆኑ ራሱ ጥሩ ምልክት ነበር፤ መጠኑ ልክ ሆኖ አቅጣጫው ተቃራኒ ነው ማለት ነው። በአራት ወረቀት ወደ ሌላው አቅጣጫ መለስሁት። ሦስተኛው ዝርግ በሁለቱ ጫፎች መካከል 0.2 ሚሊ ሜትር ልዩነት አሳየ፤ በአንድ ቁርጥ 0.05 ብቻ ይሆናል። አግዳሚውን እንዳይነቃነቅ በሁለት ተጨማሪ ብሎኖች አጠበቅሁት።

ደረጃ 6፦ ክፍሎቹን መቁረጥ

18 ሚሊ ሜትር የተባለው ኮምፔንሳቶ በካሊፐር ሲለካ 17.6 ሆነ። ስለዚህ የአግዳሚ መደርደሪያዎቹ ርዝመት 800 ሲቀነስ 35.2፣ 764.8 ሚሊ ሜትር ነው። ስድስቱን በየተራ በሜትር ከመለካት ይልቅ የመጀመሪያውን ቆርጬ በሥሩ ጫፍ ማቆሚያ ቁራጭ አሰርሁ፤ የተቀሩት ሁሉ በእርሱ ላይ ተደግፈው ተቆረጡ። ከማቆሚያው ጋር የሚነካው ጫፍ የመጋዝ ብናኝ እንዳይዝ በየመካከሉ በብሩሽ መጥረግ ግድ ነው። ሁልጊዜም ዲስኩ ሙሉ ፍጥነት እስኪይዝ ድረስ ከእንጨቱ ርቆ ይቆያል፤ ከዚያ በኋላ ሳይቆም በእኩል ፍጥነት ይሄዳል። መሃል ላይ የቆመ ዲስክ ገጹ ላይ የተቃጠለ ቅስት ይተዋል።

ስድስቱን በአንድ ጠርዛቸው አቁሜ ደረደርኋቸውና በጫፋቸው ላይ ጣቴን ሳሳልፍ ምንም እርከን አልተሰማኝም። ቀጥሎ አንድ ለአንድ እያለፍሁ ሦስቱን ገልብጬ እንደገና ፈተሽሁ። በአንደኛው ብቻ የወረቀት ውፍረት የሚያህል ልዩነት ታየ፤ ከታች እንዲሆን ምልክት አደረግሁበት።

ደረጃ 7፦ ያለ ኮላ መገጣጠም

ጎኖቹንና አግዳሚዎቹን በሞርሳ ብቻ አሲዤ ሁለቱን ዲያጎናሎች ለካሁ። 1800 በ800 ለሆነ ሳጥን ልኩ 1969.8 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ የእኔ 1970.5 እና 1969 ሆኑ። በመጋጠሚያዎቹ ላይ ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ስላልነበረ ይህ 1.5 ሚሊ ሜትር ልዩነት የመጣው ከመቁረጡ ሳይሆን ሳጥኑ ገና ስላልጠነከረ ነው። በረጅሙ ዲያጎናል አቅጣጫ ረጅም ሞርሳ አስገብቼ በቀስታ ስስበው ሁለቱ እኩል ሆኑ።

የቀረው ኮላውና 6 ሚሊ ሜትር የሆነው የጀርባ ሰሌዳ ነው። የጀርባው ሰሌዳ በዚሁ ባለ አግዳሚ ሀዲድ ስለማይበቃ በረጅሙ ፕሮፋይል ይቆረጣል፤ ከመቸንከሩ በፊትም ዲያጎናሎቹ ኮላው ሳይደርቅ እንደገና ይለካሉ።